የባሕር አኳሪየም ውሃ ስትቀይሩ ሙቀቱ እንዳያመልጣችሁ፦ ለአዲስ አበባ ብርድ የተዘጋጀ መመሪያ

«ውሃ ቀየርኩላቸው። በማግስቱ ዓሦቹ ጥግ ይዘው ቀሩ፣ ኮራሉም ተኮማተረ። ጨው በዝቶባቸው ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ነው የምሰማው። ጠያቂው ሁሌም የሚጠረጥረው ጨውን ነው። «አዲሱ ውሃ ሲገባ ስንት ዲግሪ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ደግሞ፣ «እጄን ከትቼ አይቼዋለሁ፣ ለብ ያለ ነበር» ይለኛል። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። በኅዳር ጠዋት በብርድ የደነዘዘ እጅ የ20 ዲግሪ ውሃን ሙቅ ነው ይላል። ለክላውንፊሽ ግን 20 ዲግሪ ብርድ ነው።

እኔም አላመለጥኩም። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። አኳሪየሜ ባለ 120 ሊትር ነው። አንድ ማታ አዲሱን ውሃ 25 ዲግሪ አድርሼ፣ ለክቼ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄዶ ኖሯል። ጠዋት ስነሳ መብራት አለ፣ ሂተሩም ቀዩን መብራቱን አብርቶ እየሠራ ነው። የማታውን ልኬት አምኜ 30 ሊትር ገለበጥኩ። ባልዲው ውስጥ የቀረችውን ጭላጭ ስለካት 19 ዲግሪ! ኮራሎቹ 4 ቀን ሳይከፈቱ ቆዩ። በሳምንቱ ዓሦቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ቀዩ መብራት እኮ ነግሮኝ ነበር። ሂተር ቀይ የሚያበራው ውሃው ገና ስላልሞቀ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። አዲሱ ውሃ የሚለካው ማታ አይደለም፣ ሂተር ሲሰካም አይደለም። ሊገባ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቧን እወቁ

አኳሪየሙ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የምትቀይሩትን ፐርሰንት በሁለቱ ውሃዎች የሙቀት ልዩነት አባዙት። በቃ።

የኔን እንውሰድ። 120 ሊትር ይባል እንጂ ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚይዙ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ 100 ሊትር ነው። 30 ሊትር ስቀይር 30 ፐርሰንት ቀየርኩ ማለት ነው። የቧንቧው ውሃ 16፣ አኳሪየሙ 25 ከሆነ ልዩነቱ 9 ነው። 30 ፐርሰንት ሲባዛ በ9፣ 2.7 ዲግሪ። አኳሪየሙ በአንድ ጊዜ ወደ 22 ይወርዳል ማለት ነው። በሞቃት ባሕር ውስጥ ያለ ሪፍ (ኮራሎች ተሰባስበው የሚያድጉበት ቦታ) በደቂቃዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በአብዛኛው አይገጥመውም።

ጠቅላላው ለውጥ ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ አድርጉ። አዲሱ ውሃ ከአኳሪየሙ ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ከ1 ዲግሪ አይለፍ። ለምን ጥብቅ ሆንኩ? ሂሳቡ የሚነግራችሁ ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ ያለውን ነው። ከመቀላቀሉ በፊት ቀዝቃዛው ውሃ ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፣ በመንገዱ ያለውን ኮራል ቀጥታ ይመታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክዳን ያለው ባልዲ ወይም በርሜል፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል። ልብስ የተዘፈዘፈበት ባልዲ አይሆንም፤ ሳሙና ፕላስቲክ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛ ሂተር። ይህ ቅንጦት አይደለም። «ካኳሪየሙ ነቅዬ ለጊዜው ባልዲው ውስጥ ልክተተው» የሚል ሰው አለ። ባልዲውን ሊያሞቅ አኳሪየሙን ያቀዘቅዛል። ለ30 ሊትር 100 ዋት ይበቃል፣ 200 ዋት ቢሆን ይሻላል።

ትንሽ ፓምፕ፣ ውሃውን የሚያዟዙር። ያለ ፓምፕ ከላይ 27፣ ከታች 20 የሆነ ውሃ ነው የምታገኙት።

የጨዋማነት መለኪያ (ሪፍራክቶሜትር ወይም ሃይድሮሜትር)፣ ቴርሞሜትር፣ ጎማ፣ ጆግ፣ ፎጣ። አንድ የድሮ ጋቢም ፈልጉ። ከሁሉ በላይ የሚያገለግላችሁ እሱ ነው።

የባሕር አኳሪየም ጨው። የወጥ ጨው አይሆንም፣ የአፋር አሞሌም አይሆንም። ሁለቱም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው። ኮራል ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት በልኩ ይፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ቴርሞሜትሩን ፈትኑ

ርካሽ ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ ቢዋሽ አይግረማችሁ። ሁለት ካላችሁ ደግሞ ሁለቱ አይስማሙም።

1. ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶ ሙሉ።
2. ክፍተቱ እስኪሞላ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ።
3. አማስሉና 3 ደቂቃ ጠብቁ።
4. ቴርሞሜትሩን መሃል ላይ አድርጉ። 0 ማሳየት አለበት።

1.5 ካሳየ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት፣ ሁሌም 1.5 ቀንሱ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቀለሙ የሚቀያየር ስትሪፕ በዚህ አይፈተንም። እሱን ለጌጥ ተዉት።

በፈላ ውሃ ለመፈተን እንዳትሞክሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ጠብቃችሁ 92 ስታዩ ጤነኛውን ቴርሞሜትር ትጥሉታላችሁ። የትኩሳት መለኪያም አይረዳችሁም፣ እንደ 25 ያለ ዝቅተኛ ዲግሪ አያነብም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባልዲውንና አኳሪየሙን በአንድ ቴርሞሜትር ለኩ። ቢዋሽ እንኳ ሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚዋሸው፣ ልዩነቱን በትክክል ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ውሃውን አስቀድማችሁ ያዙ

የውሃ ፈረቃ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ «እሁድ እቀይራለሁ» ብቻውን እቅድ አይደለም። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ሙሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ባልዲውን ሙሉ። ከቻላችሁ በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሜምብሬን እያሳለፈ የሚያጣራ መሣሪያ) የወጣ ውሃ ተጠቀሙ። በብርድ ወራት አርኦ ቀስ ብሎ እንደሚያወጣ እወቁ። ተበላሽቶ አይደለም፣ ውሃ ሲቀዘቅዝ በሜምብሬኑ ቶሎ አያልፍም። ዓርብ ማታ ጀምሩት።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታውን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። ፓምፑን አብሩ። ባልዲውን ግን ሊሾ ላይ አታስቀምጡት! ሊሾና ሴራሚክ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲመጥጡ ያድራሉ። ከሥሩ የፎም ቁራጭ፣ ከሌለ የታጠፈ ካርቶን ወይም ጣውላ አድርጉለት።

ደረጃ 3፦ አሙቁ፣ ጨው ገና አትጨምሩ

ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ሙቀት፣ ጨው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨውን አስቀድሞ ነው።

ሂተሩን ባልዲው ውስጥ አስገቡ። ፕላስቲኩን እንዳይነካ አርቁት፣ ነክቶት ከቆየ ያቀልጠዋል። ሂተሩ ሙሉ በሙሉ በውሃ ከተሸፈነ በኋላ ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ያኔ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አትጣሉት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ከሌላችሁ፣ ከአኳሪየሙ ሁሉ በፊት እሱን በባለሙያ አስገጥሙ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሊትሩን በምታሳድጉት ዲግሪ አባዙ፣ በ1.16 አባዙ፣ በሂተሩ ዋት አካፍሉ። 30 ሊትር ከ16 ወደ 25 ለማድረስ፦ 30 ሲባዛ በ9፣ ሲባዛ በ1.16፣ ወደ 313 ይመጣል። በ100 ዋት ሂተር ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ይህ ግን ምንም ሙቀት ካልባከነ ነው። ኅዳር ላይ 5 ሰዓት ያዙለት። ክዳኑን ክደኑ፣ ባልዲውን በጋቢ ጠቅልሉ። ጋቢው ገመዱን ይዞ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ከላይ እሰሩት። ክዳኑ ላይ ለገመድ የምትበሱት ቀዳዳ አየር እንዲያስገባም ሰፋ ይበል።

ቸኩላችኋል? የፈላ ውሃ መጠቀም ይቻላል፣ በሦስት ቅድመ ሁኔታ። ጨው ከመግባቱ በፊት፣ ባልዲው ውስጥ ብቻ፣ ሂተሩ ከሶኬት ተነቅሎና ከባልዲው ወጥቶ። 27 ሊትር የ16 ዲግሪ ውሃ ላይ 3 ሊትር ገና የፈላ ውሃ ብትጨምሩ ወደ 23 ይደርሳል። የቀረውን ሂተሩ ይጨርሰዋል። የምታፈሉትም ያንኑ የተጣራ ወይም ክሎሪኑ የጠፋለት ውሃ ይሁን። በአይዝጌ ብረት ማንቆርቆሪያ አፍሉ። በመዳብና በነሐስ ዕቃ በጭራሽ አታፍሉ። መዳብ በጣም በትንሹ እንኳ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል።

በዚሁ ምክንያት ከሻወር ቦይለር ሙቅ ውሃ አትቅዱ። ብዙው ውስጡ መዳብ አለበት፣ ቧንቧውም ምን እንደሆነ አታውቁም። ባልዲ ውስጥ የሚከተተው ጥምዝምዝ የውሃ ማፍያ ብረትም ይቅርባችሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም፣ ጨው ውሃ ይበላዋል፣ ሰውም ይገድላል።

ደረጃ 4፦ ውሃው 24 ወይም 25 ሲደርስ ጨው ጨምሩ

አሁን ጨው። ብዙዎቹ ጨዎች ለ1 ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ይፈልጋሉ። የራሳችሁን ማሸጊያ አንብቡ፣ በሚዛን መዝኑ። ፓምፑ እየሠራ በእፍኝ በእፍኝ በትኑ። ጨው ባልዲው ውስጥ አስቀድሞ አስቀምጦ ውሃ መገልበጥ አይሆንም። ከታች በጣም ወፍራም ጨዋማ ውሃ ይፈጠርና ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተጣብቀው ነጭ ዱቄት ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ብታማስሉት አይሟሟም።

ሙቀቱ ከ27 ካለፈ ጨው አትጨምሩ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ይህ ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ ይብስበታል። ጨው የገባበትን ውሃ ድስት ላይ አድርጎ ማሞቅም ያው ነው፣ ኮራሉ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ድስቱ ላይ ለጥፋችሁ ባዶውን ትወስዱለታላችሁ።

ጨዋማነቱን ለመለካት ጨው ከገባ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆዩ። 35 ፒፒቲ (ከ1,000 ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራሙ ጨው) ወይም፣ ከንጹህ ውሃ ጋር በሚነጻጸረው የክብደት ልኬት፣ 1.025 እስከ 1.026 ላይ አድርሱት። ሃይድሮሜትር የምትጠቀሙ ደግሞ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተንሳፋፊው ወይም መርፌው ከፍ ብሎ ያነባል። ለ25 ዲግሪ የተሠራ ሃይድሮሜትር በ16 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 0.002 ያህል አብዝቶ ያሳያል። 1.025 ነው ብላችሁ 1.023 ታስገባላችሁ። «ጨው ነው የበደለኝ» የሚሉት ሰዎች አንዳንዴ ልክ ናቸው፣ ጨዉን ያሳሳታቸው ግን ብርዱ ነው። በሪፍራክቶሜትር ከሆነ ጠብታውን አድርጋችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አንብቡ።

ደረጃ 5፦ አሳድሩት

ፓምፑም ሂተሩም በርተው ይደሩ። ሂተሩን የአኳሪየሙ ዲግሪ ላይ አስተካክሉት፣ ለምሳሌ 25። ጋቢው እንዳለ ይሁን።

ፓምፑ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አድርጉ። ይህ ለሙቀት ብቻ አይደለም። በእኛ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ሲሞቅና ጨው ሲገባበት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሌሎች አገሮች ለሚኖሩ የተጻፈ ምክር ይህን አይነግራችሁም።

ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ዘዴ። ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ዲጂታል ሰዓት ካላችሁ ከባልዲው ጋር በአንድ ዲቫይደር ሰኩት። ባትሪ አታድርጉበት። ጠዋት ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር ማለት ነው። ከዚያች ጠዋት ወዲህ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

ደረጃ 6፦ እሁድ፣ ሰዓት መምረጥ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አትጀምሩ። ቤቱ ያኔ ነው የሚበርደው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ክፍሉ ገና አልሞቀም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ብቻ አይምሰላችሁ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ይመረጣል። መስኮት ዝጉ። ክረምት ላይ ቀኑም ስለሚቀዘቅዝ ሰዓቱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፣ መስኮቱን ግን ዝጉ።

አሁን ለኩ፦

1. አኳሪየሙን መሃል ላይ ለኩ። ጻፉት።
2. የባልዲውን ውሃ አማስላችሁ ወደ ታች ገባ አድርጋችሁ ለኩ። ጻፉት።
3. ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ነው? ቀጥሉ።
4. ከ1 ይበልጣል? ቁሙ። አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ።

እንግዳ ስለሚመጣ፣ ቡናው ስለቀረበ፣ «ትንሽ ነው የሚለየው» ተብሎ የሚዘለለው ይህ አራተኛው መስመር ነው።

ደረጃ 7፦ አሮጌውን ውሃ ማውጣት

1. የአኳሪየሙን ሂተር ከሶኬት ንቀሉ።
2. 20 ደቂቃ ጠብቁ። የጋለ ሂተር ውሃው ሲሸሽበት መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ደርቆ ይቃጠላል።
3. ፓምፖቹን አጥፉ። ሳምፕ (ከአኳሪየሙ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ) ካላችሁ ውሃው ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቁ።
4. ጎማውን አስገብታችሁ ውሃውን አውጡ። ባልዲው ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፣ ያዘጋጃችሁትን ያህል ብቻ ይውጣ።

ከላይ ያለው ኮራል ከውሃ ሊወጣ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቢጋለጥ አይሞትም። ክፍሉ 17 ዲግሪ ከሆነ ግን ቶሎ ነው የሚበርደው። ስለዚህ በዚህ መሃል ስልክ አታንሱ፣ አልጌ ልፋቅ አትበሉ። የምትፍቁትን ውሃ ከማውጣታችሁ በፊት ፋቁ።

ደረጃ 8፦ አዲሱን ማስገባት

የባልዲውን ሂተር ንቀሉ፣ እሱንም 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ። ከሁለቱ ሂተሮች አንዱን መርሳት የተለመደ ነው። አብራችሁ ንቀሏቸው። ሊገባ 5 ደቂቃ ሲቀረው የባልዲውን ውሃ እንደገና ለኩ።

አንዴ አትገልብጡ። 30 ሊትር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፍጅ። ትንሽ ፓምፕ በቀጭን ጎማ ቢያስገባው ጥሩ ነው። ጆግ ከሆነ ውሃውን ድንጋይ ላይ ወይም ባዶ ሳህን ላይ አፍስሱ፣ ኮራልና አኒሞን ላይ አይደለም። ጎማው በቀዝቃዛ ሊሾ ላይ ተጠማዝሞ ረጅም መንገድ እንዳይሄድ አሳጥሩት። የአኳሪየሙን አንድ ፓምፕ፣ ውሃ ከሸፈነው፣ ወዲያው አብሩት። ቶሎ ይቀላቀላል።

ግማሹ ሲገባ ለኩ። ከመነሻው ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከወረደ አቁሙ። የቀረው ይሙቅ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። ውሃው ሂተሩን እስኪሸፍን ካልደረሰ ሂተሩን ራሱን ዝቅ አድርጉት። አብዛኛው በጎኑ ተጋድሞ ይሠራል፣ የናንተው መፍቀዱን መመሪያው ላይ እዩ።

ውሃው ከሂተሩ ዝቅተኛ መስመር በላይ ሲያልፍ ሰኩ። ሰክታችሁ ቀዩ መብራት መብራቱን እዩ። ከውሃ ቅያሪ በኋላ ሂተር ሳይሰካ ያደረበት ቤት ብዙ ነው። የኔንም ጨምሮ።

ደረጃ 9፦ ከዚያ በኋላ

ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩ። ማታ ከመተኛት በፊት አንዴ። ሦስቱም ከተስማሙ አልቋል።

በየቀኑ በትነት የጎደለውን ስትሞሉ ደግሞ ጨው የሌለው ውሃ ነው የሚጨመረው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ማሞቅ አያስፈልገውም፣ ክፍል ውስጥ ያደረ ይበቃል። ሳምንት ሳትሞሉ ቆይታችሁ 5 ሊትር በአንዴ ከሆነ ግን እሱም ውሃ ቅያሪ ነው፣ አሙቁት።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

*ቀዝቃዛ ውሃ ገልብጫለሁ።* አትደንግጡ፣ የፈላ ውሃም አታምጡ። ሁለተኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሂተሩ ቀስ ብሎ ይመልሰው፣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ሳይበልጥ። መብራቱን አጥፉላቸው፣ የአየር ፓምፕ ጨምሩ፣ እስከ ነገ አታብሏቸው። ሁለት ሳምንት ዓሦቹን በደንብ ተመልከቱ። ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወይም በድንጋይ መታከክ ካያችሁ ዓሦቹን ለይታችሁ በሌላ ገንዳ አክሙ። የመዳብ መድኃኒት ኮራል ባለበት አይገባም።

*ውሃው ወጥቶ እያለ መብራት ሄደ።* አዲሱን አስገቡ። እየቆየ ሲሄድ የሚበርደው እሱ ነው። ሲገባ ብቻ ለኩት። ከዚያ አኳሪየሙን በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍት ትታችሁ። የባትሪ አየር ፓምፕ አብሩ። ከብርዱ ቀድሞ ዓሣን የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ፓምፕ ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ በየ15 ደቂቃው።

መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ላዩን በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡ፣ ወደ 50 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሙሉበት፣ አጥብቃችሁ ክደኑና አንሳፉት። የፈላ ከሆነ ጠርሙሱ ይኮማተራል፣ ክዳኑም ያፈሳል። 100 ሊትር ውሃ ላይ አንዱ ጠርሙስ ቢበዛ ግማሽ ዲግሪ ነው የሚጨምረው። ትንሽ ይመስላል። እንዲህ መሆኑ ግን ጥሩ ነው፣ በዚህ መንገድ ማንም አኳሪየሙን አይቀቅልም። ከመክተታችሁ በፊት ውሃው ሞልቶ እንዳይፈስ ደረጃውን እዩ።

*ባልዲው 30 ዲግሪ ደረሰ።* የሂተሩ መቆጣጠሪያ ተጣብቋል ማለት ነው። ንቀሉት፣ ለሌላ ጊዜም አትጠቀሙበት። ክዳኑን ክፈቱ፣ ጋቢውን አንሱ። በአዲስ አበባ አየር ሳይቆይ ይወርዳል። በረዶ አትጨምሩ፣ ጨዋማነቱን ያዛባል። ሲበርድ ታቹን እዩ። ነጭ ዱቄት ካለ ያን ውሃ አታስገቡት።

*ሂተሩ ተሰነጠቀ።* እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትክተቱ! መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉ። ሶኬቱ አካባቢ ከረጠበ ከቆጣሪው ጋ ብሬከሩን አውርዱ። ከዚያ ሂተሩን አውጡ፣ ስብርባሪውን በመረብ ልቀሙ።

*ዓሦቹ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፣ ሙቀቱ ግን ልክ ነው።* ፓምፕ ሳይበራ ተረስቷል፣ ወይም የውሃው ገጽ አይናወጥም። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩት። ያም ሆኖ ካላገገሙ ክሎሪን ማጥፊያው ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል፣ አሁን ለሙሉ አኳሪየሙ የሚሆን መጠን ጨምሩ።

*ውሃው ገና ባልዲ ውስጥ እያለ መብራት ሄደ፣ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም።* ምንም አትንኩ። የአኳሪየሙ አሮጌ ውሃ ለጥቂት ቀናት ቢቆይ ማንንም አይገድልም። ባልዲውን ክደኑ። መብራት ሲመጣ ፓምፑንና ሂተሩን አብሩ፣ 25 እስኪደርስ ጠብቁ፣ ጨዋማነቱን እንደገና ለኩና ከደረጃ 6 ጀምሩ።